ማርሚታው የልጁ፣ ኢንሹራንሱ የአባትየው

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ቤት አሁን አሁን የተለመደ አካሄድ አለ። ልጅየው 18 ወይ 19 ሲሆነው ያገለገለ ኢንፊኒቲ ጂ37 ወይ ማስታንግ ይገዛል፣ በራሱ ስም ኢንሹራንስ ሲጠይቅ የሚነገረው ዋጋ ከመኪናው ወርሃዊ ክፍያ በልጦ ቁጭ ይላል፣ ስለዚህ ታይትሉም (የባለቤትነት ወረቀቱ) ፖሊሲውም (የኢንሹራንስ ውሉ) በአባትየው ስም ይሆናል፣ ከዛ ብዙም ሳይቆይ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ይቀየራል፣ መኪናው ዝቅ ይደረጋል፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ቱን ይደረጋል፣ ማለትም ጉልበት እንዲጨምር ፕሮግራሙ ይቀየራል፣ አባትየው የሚያውቀው ነገር ቢኖር መኪናዋ ማታ ስትገባ ሰፈሩን እንደምትቀሰቅስ ብቻ ነው። ለኢንሹራንሱ ግን የደወለ ሰው የለም።

እኔ ወጣት መኪናውን ቢያሳምር፣ ጉልበቷንም ቢጨምር ምንም ቅር አይለኝም፣ እንደውም ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ከሚደፋ ቡሎን መፍታትና ማሰር የሚያውቅ ልጅ ይሻለኛል። የምቃወመው ዝምታውን ነው። ለኢንሹራንሱ ያልተነገረ ቱርቦ (ለሞተሩ አየር እየጨመቀ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ) የተገጠመለት መኪና በወላጅ ስም መንዳት ማለት ቤተሰቡ ለዓመታት የለፋበትን ቤት ሳይጠይቁት ማስያዝ ማለት ነው።

ዋጋው ለምን ይወደዳል የሚለው ላይ ብዙ ባንነታረክ ጥሩ ነው። ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ሹፌሮች በሚነዱት ማይል ልክ ሲሰላ ሰው የሚሞትበት አደጋ ውስጥ የሚገቡት 20 እና ከዛ በላይ ከሆኑት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፣ ይሄን የሚለው የሀይዌይ ደህንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት ነው። ኩባንያው የልጁን ዕድሜ ገና ሲያይ ጨምሮበታል፣ 25 ዓመት አካባቢ እስኪደርስም በደንብ አይቀንስለትም። እዛ ላይ የፈረስ ጉልበት ሲመጣ ደግሞ የፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የሌባውም ጉዳይ አለ፣ የዛው ኢንስቲትዩት እህት ድርጅት በ2023 ባወጣው ዝርዝር ዶጅ ቻርጀር ኤስአርቲ ሄልካት ከ2020 እስከ 2022 ሞዴሎች ውስጥ ከአማካይ መኪና 60 እጥፍ የስርቆት ክሌም፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ፣ ነበረበት። ጉልበት ያለው መኪና ሁሉም ሰው ያየዋል፣ መጥፎውም ጭምር።

በርግጥ ሁሉም ቅየራ እኩል አይደለም። ማርሚታ ብቻ የቀየረ ልጅ ደውሎ ቢናገር ምንም ላይጨመርበት ይችላል፣ ቸርኬ ከሆነ ትንሽ፣ ቱርቦ ወይ ሱፐርቻርጀር ወይ የሞተሩን ኮምፒውተር መንካት ከሆነ ግን ጨዋታው ሌላ ነው፣ አንዳንዱ ኩባንያ ይጨምራል፣ አንዳንዱ በቃ አልፈልግህም ይላል። ይሄ የሚያናድድ ነገር ነው፣ እሺ፣ ግን አልፈልግህም ያለህ ኩባንያ ዛሬ ቢነግርህ ሌላ ትፈልጋለህ፣ ለተሻሻሉ መኪናዎች ብለው የሚሰሩም አሉ። ከአደጋ በኋላ ቢነግርህ ግን የት ትሄዳለህ?

ብዙ ልጆች አንድ ነገር ይሳሳታሉ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ሲሉ የገጠሙት ሁሉ የተሸፈነ ይመስላቸዋል። መደበኛው ፖሊሲ የሚያውቀው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው፣ አንዳንድ ኩባንያ ለተጨማሪ ዕቃ ሽፋን ይሰጣል ግን ጣሪያው ብዙ ጊዜ 1,000 ዶላር አካባቢ ነው፣ ከዛ በላይ ከተፈለገ ለብቻው ይገዛል። እና እንበል የ4,000 ዶላር ቱርቦና የ2,000 ዶላር ቸርኬ ያለው መኪና ተጋጭቶ ከጥቅም ውጪ ቢሆን የሚከፈለው የዛ ሞዴል መደበኛ ዋጋ ነው፣ ቀሪው በነፋስ ሄደ ማለት ነው። ደረሰኝ አስቀምጡ፣ ፎቶ አንሱ፣ ሽፋኑን ግዙ፣ ይሄ ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱ ሌላው ወገን ሲጎዳ ነው። ማመልከቻው ላይ መኪናው ተቀይሯል ወይ፣ ዋናው ሹፌር ማን ነው፣ የሚያድረው የት ነው ተብሎ ይጠየቃል፣ እኛ ደግሞ እንቀልዳለን፣ ሜሪላንድ የሚያድረውን መኪና ቨርጂኒያ ባለ የአክስት ልጅ አድራሻ፣ ልጁ በየቀኑ የሚነዳውን መኪና ዋና ሹፌሩ እናትየው ናት ብለን እንሞላለን። ይሄ ዋጋውን የሚቀይር ውሸት ሆኖ ሲገኝ ኩባንያው ክሌሙን ሊከለክል፣ ባስ ካለም ፖሊሲውን ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ሊሰርዘው ይችላል፣ ምን ያህል ሊሄድበት እንደሚችል እንደየስቴቱ ህግ ይለያያል። ማን ያውቅብኛል ማለት ደግሞ አያዋጣም። ከባድ አደጋ ሲሆን መኪናውን የሚመረምር ሰው ይላካል፣ ኮፋኖውን ሲከፍት ቱርቦው አይደበቅም፣ መኪናው ውስጥ ያለው መዝጋቢ ደግሞ ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ጥቂት ሰከንዶች ፍጥነትና ፍሬን መያዝ አለመያዝህን ያስቀምጣል። ልጁ ራሱ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቆት ከሆነማ ምርመራም አያስፈልግም።

የሚገርመው አባቶቻችን ይሄን ከማንም በላይ ያውቁታል። ስንቶቻችን ነን ኡበርና ሊፍት የምንነዳው፣ በግል ፖሊሲ ሰው ጭኖ ተጋጭቶ አፑ በርቶ ነበር ወይ ተብሎ የተጠየቀ ጓደኛ የሌለው ማን አለ። ለዛ የሚሆን ሽፋን ያስገባነው ያው ጥያቄ ስለሚመጣ ነው። የልጁ ቱርቦ ላይ ስንደርስ ግን ያን ሁሉ እውቀት እንረሳዋለን።

በዛ ላይ የህጉ ነገር አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይል አልፎ መንዳት ተራ ቲኬት አይደለም፣ ሬክለስ ድራይቪንግ የሚባል የወንጀል ክስ ነው፣ እስከ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ድረስ ይሄዳል፣ የመንጃ ፈቃድ መዝገብ ላይም 11 ዓመት ይቆያል። 19 ዓመቱ ላይ ያገኘው 30 እስኪሞላው ይከተለዋል፣ ከዛ የሥራ ማመልከቻ ላይም ሊመጣ ይችላል። ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር አውልቆ ማርሚታ መግጠም ደግሞ የፌደራሉ የንጹህ አየር ህግ የሚከለክለው ነገር ነው፣ ሜሪላንድ የጭስ ምርመራ ላይም ይጥላል። ፍጥነት የሚወድ ልጅ ዌስት ቨርጂኒያ ሳሚት ፖይንት ሄዶ ትራክ ላይ ቢነዳ ከሀይዌይ 495 በጣም ይሻላል፣ ግን የግል ፖሊሲዎች ውድድርንና የውድድር ልምምድን አይሸፍኑም፣ ለቀኑ የሚሆን የትራክ ኢንሹራንስ ለብቻው ይሸጣል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው የሽፋኑ መጠን ነው። ቨርጂኒያ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛውን ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር አድርጋዋለች፣ ሜሪላንድ 30፣ 60 እና 15 ሺ ነው፣ ዲሲ 25፣ 50 እና 10 ሺ። በዚህ አገር የሆስፒታል ዋጋ 30,000 ዶላር ስንት ቀን ያስተኛል? ከዛ የሚተርፈውን የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው፣ የተጎዳው ሰው ጠበቃ ደግሞ ልጁ ኃይለኛ መኪና እንዳለው፣ ቲኬትም እንደነበረበት እያወቅህ ቁልፉን ለምን ሰጠኸው ብሎ አባትየውን ሊከስ ይችላል። ስለዚህ ለቱን የሚወጣው ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ሽፋኑ ይጨመር፣ ከዛም አምብሬላ የሚሉት የአንድ ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ሽፋን ይጠየቅ፣ ዋጋው ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ልጁ በትምህርቱ ቢ አማካይ ካለው ብዙዎቹ ኩባንያዎች ቅናሽ ያደርጋሉ፣ እሱንም ሳትጠይቁ አትለፉ።

ያገለገለ ስትገዙም ሻጩን ምን ተቀይሮበታል ብላችሁ ጠይቁ፣ መካኒክ አሳዩት፣ ምክንያቱም ቱን የተደረገ መኪና ሳታውቁ ገዝታችሁ እናንተም ሳታውቁ የተሳሳተ ፎርም ትሞላላችሁ።

ግን ጥፋቱን ሁሉ ቤተሰብ ላይ መጣል አልፈልግም። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም በአማርኛ ኢንሹራንስ የሚሸጡልን የራሳችን ሰዎች አሉ፣ በአማርኛ ይሸጣሉ፣ ፖሊሲው ግን በእንግሊዝኛ 30 ምናምን ገጽ ነው፣ የሚገለብጠውም የለም። ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ህግ መንግስት ቤቶች በአማርኛም እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፣ የግል ኩባንያን ግን አይነካም። እና ኤጀንቱ ደንበኛውን በ20 ዶላር ቅናሽ ከጎረቤቱ ለመንጠቅ ሲል መኪናው ተቀይሯል ወይ፣ ማን ነው የሚነዳው የሚለውን ጥያቄ ዘሎ አይ የሚለውን ሳጥን ራሱ ከጠቆመ ቅናሹ ቅናሽ አይደለም። ጋሼ፣ ማርሚታው ተቀይሯል ወይ፣ ሞተሩስ ተነክቷል ወይ ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ መልሱንም በኢሜል ይላኩልኝ ቢል ለሁለቱም ማስረጃ ይሆናል። ይሄን የማይጠይቅ ኤጀንት ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፣ ያላላችሁትን ጽፎ ካገኛችሁት ደግሞ ዲሲ ከሆናችሁ ለዲስብ (የከተማው የኢንሹራንስና የባንክ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት)፣ ሜሪላንድ ለኢንሹራንስ አስተዳደሩ፣ ቨርጂኒያ ለኢንሹራንስ ቢሮው ቅሬታ ማስገባት ይቻላል፣ በነጻ ነው።