የትከሻ ጠመኔ በወተት አይመጣም፣ በማሰርም አይድንም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ በሚደመጥ የሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ ባለሙያ፣ የትከሻ ጅማቱ ላይ ጠመኔ የመሰለ የካልሲየም ክምችት የተገኘበት ሰው ወተትና አይብ እንዲተው፣ ክንዱንም 6 ሳምንት አስሮ እንዲያሳርፍ፣ ካልተሻለው አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና እንዲያደርግ መከሩ። የወተቱ ምክር ስህተት ነው፤ የማሰሩ ደግሞ ሰው ያሰናክላል።

ወተቱ ብዙ አያከራክርም። የእነዚህ ሕመምተኞች ደም ሲመረመር ካልሲየሙ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ነው። ጠመኔው የሚሠራው እዚያው ጅማቱ ውስጥ እንጂ ከማዕድ አይመጣም። አይብ የተወች እናት የምታተርፈው ለአጥንቷ የሚያስፈልጋትን ማጣት ብቻ ነው።

ማሰሩ ግን ያንገበግባል። እንቅልፍ የሚነሳው፣ ክንድ አላነሳ የሚለው ከባድ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰውነት ራሱ ጠመኔውን ማሟሟት ሲጀምር ነው፤ ደረቁ ክምችት እንደ ጥርስ ሳሙና ይለሰልሳል፣ ዙሪያው ይቆጣል። በዚህ ጊዜ ክንዱን ለ6 ሳምንት ካሰሩት ጠመኔው ቢሟሟም ትከሻው ይደርቃል። የመጋጠሚያው ከረጢት ይኮማተርና ፀጉር መሥራት፣ ነጠላ መከናነብ፣ ስኒ ከመደርደሪያ ማውረድ ለወራት ያቅታል፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ሕመሙ በበረታባቸው 2 ወይም 3 ቀናት በሻሽ ማንጠልጠልን አልቃወምም። ከዚያ በኋላ ጎንበስ ብሎ፣ በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ፣ የታመመውን ክንድ ልቅ አድርጎ አንጠልጥሎ በትንሹ ማዞር ነው፤ 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ። ቀጥሎ ጣትን በግድግዳ ላይ ወደ ላይ ማስኬድ። ላስቲክ እየሳቡ ጡንቻን ማጠንከር ሕመሙ ከበረደ በኋላ ነው፤ ያስቀደመ ሰው ሕመሙን ይቀሰቅሳል። የተቆጣ ጅማት ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትማ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር ለጥቂት ቀናት ይወሰዳል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው። የስቴሮይድ መርፌ ያስታግሳል እንጂ ጠመኔውን አያወጣም፤ ስኳርንም ለቀናት ከፍ ያደርጋል።

ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ወራት የፈጀ ሕክምና ካልያዘ ነው። ከእሱ በፊት በአልትራሳውንድ እያዩ፣ ቦታውን አደንዝዘው፣ 18 ቁጥር መርፌ ክምችቱ ውስጥ አስገብተው በጨው ውሃ ደጋግመው የሚያጥቡበት መንገድ አለ። ተኝቶ መታከም አይጠይቅም። አልትራሳውንድ እርግዝና ለማየት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ለትከሻ የሚሆን ጠፍጣፋ መመርመሪያና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ከአጋሮና ከሊሙ የመጣውን ሕመምተኛ ለቢላ አውቶቡስ ያሳፈሩት ባለሙያ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሱም።