ኤልፍ ማለት 2 ነጥብ ብቻ ነው ወይ?

ይህ ብሶት በዋናነት እዚህ ባሕር ዳር አብረን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ዳይስ እየጣለ የሚጫወተውን የምናብ ጨዋታ) ለምንጫወት ሰዎች የተጻፈ ነው። ገጸ ባሕርዩ ኤልፍ፣ ድዋርፍ ወይም ኦርክ ከሚባሉት የተረት ዘሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። ጨዋታውን የምመራው እኔ ስሆን፣ ዓለሙንም ከጣና ቀድቼ የሠራሁት እኔው ነኝ። ድዋርፎቼ በደሴት ገዳማት ብራና የሚፍቁና መጻሕፍት የሚደጉሱ መነኮሳት ናቸው፤ ኤልፎቼ ደግሞ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ የከተማው ሰው ግን ከእነርሱ ጋር ማዕድ መቁረስን እንደ ነውር የሚቆጥርባቸው የሐይቁ ዳር ሰዎች ናቸው። ይህን ሁሉ ጽፌ ሳድል የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ኤልፍ ስንት ይጨምራል?»

እ.ኤ.አ. በ2014ቱ የደንብ መጽሐፍ እትም ኤልፍ መሆን ቅልጥፍና በሚባለው የችሎታ ነጥብ ላይ 2 ይጨምራል። ስለዚህ ቀስተኛውም ኤልፍ፣ ሌባውም ኤልፍ ይሆናል። ያው ኤልፍ የከተማው ባለጸጋ ቤት ዘው ብሎ ገብቶ ከጌትየው ጋር ከአንድ መሶብ ሊጎርስ ሲል «እዚህ ቤት አንተን ማን ያቀርብሃል?» ብዬ ተጫዋቹን ስጠይቀው፣ «እሱ የታሪኩ ማጣፈጫ ነው፤ እለፈው» የሚል መልስ አገኛለሁ። ለዚህ ሁሉ ያበቃን ትርፍ እኮ ይህን ያህል ነው፦ 15 የነበረው የቅልጥፍና ነጥብ 17 ሲሆን ዳይሱ ላይ የሚደመረው ከ2 ወደ 3 ያድጋል፤ ከዳይሱ 20 ገጽ የአንዷ ገጽ ዕድል ብቻ!

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ተቃራኒው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ነጥቡን ወደፈለጉት ችሎታ ማዛወር ተፈቀደ፤ እ.ኤ.አ. በ2024ቱ እትም ደግሞ ጭማሪው ከዘር ተነሥቶ ወደ አስተዳደግና ሙያ ሲዛወር «ዘሮቹ ሁሉ አንድ ሆኑ፣ ለዛው ጠፋ» ብለው እዬዬ አሉ። አንጥረኛን ቡዳ እያለ፣ የእጅ ሙያን በደም የሚወረስ ነገር አድርጎ ሲሸሽ በኖረ አገር ያደገ ሰው ይህን ሲል መስማት ይገርማል። ታንኳ የሚሠራ ልጅ ደንገል ማሰሩን የሚማረው ከአባቱ እጅ ሥር ነው። በአዲሱ እትም መርከበኛ ሆኖ ያደገ ሰው ከጉልበት፣ ከቅልጥፍናና ከጥበብ መርጦ ይጨምራል፤ ድዋርፍም ቢሆን፣ ኦርክም ቢሆን። ለእኔ ሐይቅ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ደንብ አላየሁም።

ከእንግዲህ ኤልፍ የሚመርጥ ሰው ከየትኛው ወደብ እንደሚነሣና ማን ቤት ምግብ እንደማይቀርብለት ጽፎ ሳያመጣ ዳይስ አላስነካውም። ቀስተኞችም ጭምር።