ዝንብ ክብር ይገባታልን?

መምህሩ፦ ስለ ዝንብ የምናውቀው “እሽ” ማለትን ብቻ ነው። እንጀራችን ላይ ስታርፍ ጣዕሙን የምትለየው በእግሯ ነው፤ እግሮቿ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ይቀምሳሉ። ቆማ እጇን የምታፋትገውም ቆሻሻው ቅምሻዋን እንዳያደነዝዝባት ነው። ጭራችን የሚስታት ደግሞ ዓይኗ በሰከንድ 250 ያህል ብልጭታ ስለሚለይ ነው፤ የእኛ ከ60 ብዙም አያልፍም። የሚወነጨፍ እጃችን ለእሷ እየተጎተተ ይመጣል። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ከብዙዎቻችን የበለጠች ንጹሕ ናት።

የጤና ባለሙያዋ፦ “ንጹሕ” አሉ? እኔ የሕፃናትን ዓይን ስገለብጥ የኖርኩ ነኝ። ዓይን ዓይን የምትለው የዝንብ ዝርያ ለመራባት ከሁሉ የምትመርጠው ሜዳ ላይ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ከዚያ ተነሥታ የትራኮማን ባክቴሪያ ከአንዱ ልጅ ዓይን ወደ ሌላው ታደርሳለች። በዓለም በትራኮማ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዷ የእኛዋ ናት። ንጹሕ! ጠንካራ ምግብ መብላት ስለማትችል ምራቋን ተፍታ የምታሟሟውስ? እንጀራዬ ላይ የምትተፋዋን ነው የሚያሞግሱልኝ።

መምህሩ፦ ሁሉንም ዝንብ በአንድ ዓይን አይዩ። ከብቶቻችንን በገንዲ በሽታ የምትፈጀው የቆላ ዝንብ (ፄፄ) እንኳ እንደ ሌሎቹ እንቁላል አትጥልም። አንዲት እጭ በማህፀኗ ይዛ፣ ወተት መሰል ፈሳሽ እየመገበች አሳድጋ ትወልዳለች። ይህስ እናትነት አይደለም?

የጤና ባለሙያዋ፦ እናትነቷ ለአጥፊዎቿ ነው የበጀው። አንድ አንድ የምትወልድ ቶሎ አትተካም፤ በዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ በጨረር የመከኑ ወንድ ዝንቦች በገፍ ተለቀውባት ከደሴቱ ዘሯ ጠፋ። እኔ ግን ስለ ወተት አልጠየቅሁም። ንጹሕ ናት ወይስ አይደለችም?

መምህሩ፦ እህቴ፣ በአንዲት ቃል ስንት ጊዜ ይሰቅሉኛል? ሃያ ዓመት ጠመኔ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪ እንኳ እንዲህ አላፋጠጠኝም። ደግሞስ ዝንቧን ወደዚያ ሜዳ ማን ጠራት? ዓይነ ምድሩን የጣለው ሰው ነው። መጸዳጃ ጉድጓድ ያልቆፈረው እሱ፣ ተከሳሿ እሷ!

የጤና ባለሙያዋ፦ ይህን ለእኔ ነው የሚነግሩኝ? ጉድጓድ ቆፍሩ እያልኩ በየደጁ ስዞር ውሻ ያልነከሰኝ በእግዜር ቸርነት ነው። ለመሆኑ እርስዎ ሰፈር መጸዳጃ ቤት ያለው ስንቱ ነው?

መምህሩ፦ ይህ የክርክሩ ርእስ አይደለም።