የሚዋሽ ቺፕ፦ እንጠግነው ወይስ እንንቀለው?

የክርክሩ መነሻ፦ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው አርዲራንድ የተባለው ትእዛዝ ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ ጉድለት ታይቶበታል። ፕሮግራሙ ራሱ መልሱን እየፈተሸ ይለፈው ወይስ ቺፑን በቀጥታ መጠየቁን ይተው? «ጠጋኝ» የመጀመሪያውን፣ «ነቃይ» ሁለተኛውን ይዘው ይሟገታሉ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠጋኝ፦ ነገሩን ከላፕቶፑ ክዳን ልጀምር። 2019 ነው። የቆየ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና የጫነ ሰው ክዳኑን ይዘጋል፤ ማሽኑ ይተኛል። ይከፍተዋል፤ ይነቃል። እንደገና ሲዘጋው ግን አልተኛም ይላል። ከእንቅልፍ የነቃው ቺፕ ቁጥር በተጠየቀ ቁጥር ቢቶቹ (ቁጥሩ የሚጻፍባቸው የ0 እና የ1 ቦታዎች) በሙሉ 1 የሆኑበትን ያንኑ መልስ ይሰጣል፤ ይባስ ብሎ «ተሳክቷል» የምትለውን ምልክት አብሮ ያነሳል። በሊኑክስ ውስጥ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሲስተምዲ፣ ደግሞ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ከዚህ ቁጥር የተሠራ የማይደገም መለያ ይሰጣል፤ ማስተኛትም አንዱ አገልግሎት ነው። የመጀመሪያው መለያውን ይዞ ያልፋል፤ ሁለተኛው «ይህ ተይዟል» ተብሎ ይመለሳል። የሲስተምዲ ሰዎች ጥቂት መስመር ጨመሩ፦ ሁሉም 0 ወይም ሁሉም 1 የሆነ መልስ እንዳልተሳካ ይቆጠር። ማሽኑ መተኛት ጀመረ። በዚህ ውስጥ የሚነቀፈው የቱ ነው?

ነቃይ፦ ማሽኑ መተኛቱን አልጠላሁም። የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ አይተው ያውቃሉ፤ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ሳህን ውስጥ ይናጣል፣ አንዱ እጁን ሰዶ ያወጣል። የአንድ ሰው ስም በየሳምንቱ ቢወጣ እርስዎ «ያ ስም ሲመጣ እንመልሰው» ይላሉ፤ እኔ የሚያወጣውን እጅ እጠራጠራለሁ። ይህ ቺፕ የተያዘው ውሸቱ ቂል ስለሆነ ነው። ነገ አንድ ተራ የሚመስል ቁጥር ቢደጋግም የእርስዎ ጥቂት መስመር ምኑን ያያል?

ጠጋኝ፦ ያልታየውን በሽታ ያላከመ ሐኪም አይወቀስም። ደግሞም ሲስተምዲ ቺፑን የጠየቀው በዘፈቀደ ተነስቶ አይደለም። ማሽኑ ገና ሲነሳ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ለዘፈቀደ ቁጥር የሚሆን በቂ ግብዓት ስለማይሰበስብ ጠያቂውን «ቆይ» ይል ነበር። ሌላውን ሁሉ የሚያስነሳው ፕሮግራም ቆሞ ከጠበቀ ማሽኑን ማን ያስነሳዋል? ከርነሉ እንዲህ ባለ ጊዜ ራሱ ግብዓት ማመንጨት የጀመረው በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው የከርነሉ ቅጂ 5.4 ነው።

ነቃይ፦ የዚያን ዘመን ሰው አልከስም፤ ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው ይንገሩት። ራይዘን 3000 የተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር በሐምሌ 2019 ሲወጣ ያንኑ ጉድለት ይዞ መጣ፤ ያውም መተኛትም መንቃትም ሳያስፈልገው። አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች አልነሳ አሉ። ዴስቲኒ 2 የተባለው ጌም እንኳ አልከፈት አለ፤ ለጌሙ ማን ወንፊት ሠራለት? ዋናው ፈውስ የባዮስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ ማሻሻያ ነበር። ሲስተምዲም በ2022 አርዲራንድን መጠየቁን ጭራሽ ተወው። ከርነሉ ራሱ አርዲራንድን ከሌሎች ግብዓቶች ጋር ስለሚደባልቅ፣ ለብቻ ሄዶ መጠየቅ ምንም አይጨምርም። ከድብልቁ አንዱ ቢሞት የቀሩት ይሸከሙታል። ሳህኑን ብዙ ሰው ይናጠው ነው የምለው።

ጠጋኝ፦ ባዮስ አሉ! አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ተማሪ፣ አምራቹ የረሳውን ማሽን ይዞ ባዮስ ከየት ያመጣል? ለነዚያ ለቆዩት ፕሮሰሰሮች ከርነሉ በ2019 ያደረገው አርዲራንድ እንደሌለ ማስመሰል ነው። ይህ መደበቅ እንጂ መንቀል አይደለም፤ ትእዛዙ ዛሬም ይሠራል። «አለህ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚጠራው ፕሮግራም ያንኑ የ1 ሰልፍ ይቀበላል። በ2025 ዜን 5 በተባለው የኤኤምዲ የፕሮሰሰር ንድፍ ላይ ደግሞ የአርዲራንድ ታናሽ ወንድም፣ እሱም የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው አርዲሲድ፣ ከሚገባው በላይ 0 እየመለሰ «ተሳክቷል» ሲል ተገኘ። ኤኤምዲ ራሱ ካቀረባቸው መውጫዎች አንዱ 0 ከመጣ እንዳልተሳካ ቁጠሩት የሚል ነበር። የእኔው ጥገና ነው!

ነቃይ፦ ሌላው መውጫ ትእዛዙን መደበቅ እንደነበር ዘለሉት። ጉድለቱ የነበረው በ16 እና በ32 ቢት ርዝመት በሚጠየቀው ቁጥር ነው፤ የ64 ቢቱ ደህና ነው። በ16 ቢት ደግሞ 0 ከ65,536 አንዱ ሕጋዊ ዕጣ ነው። በጣሉት ቁጥር አንድ የዕቁብተኛ ስም ከሳህኑ አወጡ ማለት ነው።

ጠጋኝ፦ በ64 ቢት ግን ሁለቱን ቁጥሮች መጣል ከባሕር ሁለት ጠብታ መቅዳት ነው። እሺ፣ ሁሉም ከርነሉን ይጠይቅ፤ ከርነሉ ራሱስ? ገና ሲጫን በማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ በዕጣ ሲመርጥ ከበታቹ የሚጠይቀው ማንም የለም።

ነቃይ፦ እዚያ ቺፑን ይጠይቃል፤ ልክ ነዎት። ግን ብቻውን አያምነውም፤ የፕሮሰሰሩን የጊዜ ቆጣሪ ንባብም ይደባልቅበታል። ለዚያች ሥራ ወንፊትዎን ይዘው ይምጡ፤ አልከለክልዎትም። ከዚያ በላይ ላለው ፕሮግራም ግን አልፈቅድልዎትም።