ሴራሚክ ስሆንልህ

ባለፈው እሁድ የቤት ምርቃት ተጠርቼ ነበር። ዘመዴ አያት አካባቢ የገዛውን ቤት አሳድሶ ጨርሷል። የግቢው በር ሲከፈት ዓይኔን ጨፈንኩ። ከመደነቅ አይደለም፣ ከነጸብራቁ ነው። ከበሩ እስከ ጓሮው ድረስ ነጭ ሴራሚክ ተነጥፏል። ስንጥር የሚሰካበት አፈር የለም።

«እንኳን ለዚህ አበቃህ! ሴራሚኩ ደግሞ ሲያምር!» አልኩት።

«ፖርስሊን ነው፣ ሴራሚክ እንዳትለው» አለኝ። «ስልሳ በስልሳ። በዚህ ሰፈር እንዲህ ያነጠፈ የለም።»

ተቀበልኩት። የሰው ልጅ ከአፈር ጋር የጀመረውን ጦርነት እንዲህ በድል ሲጨርስ ማየት ደስ ይላል።

ግቢውን ድሮ አውቀዋለሁ። ሊገዛው ሲል አብሬው ሄጄ አይቼዋለሁ። ምስኪን ግቢ ነበር። ጥግ ላይ የኮክ ዛፍ፣ አጥሩ ሥር ጌሾ፣ በሩ አጠገብ ዳማከሴና ጤና አዳም፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ጎመን። ይሄ ሁሉ ጣጣ ነው። ኮኩ ቅጠል ያራግፋል። ዳማከሴው ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ጉንፋን በያዘው ቁጥር ጎረቤት ያስመጣብሃል። ጎመኑማ ጭራሽ የተቸገረ ሰው ያስመስላል፤ ገበያ ሄዶ መግዛት ያቃተው! ዘመዴ ሦስት የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ በአንድ ቀን ድራሹን አጠፋው።

ደግሞ ንፉግ ነበር ያ አፈር። የሚጥለውን ዝናብ ሁሉ ብቻውን ነበር የሚጠጣው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል አንድ ሊትር ውሃ ነው። የተነጠፈው 150 ካሬ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ጣራውን ሳንቆጥር 4,500 ሊትር ይሆናል። አሁን ይሄ ሁሉ ለሕዝብ ሆኗል። በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ታች ሰፈር። ታች ያሉት ሰዎች ሳሎናቸው ድረስ መጥቶላቸው በባልዲ ሲቀዱት ያመሻሉ። ያለውን ከጎረቤት ጋር የሚካፈል ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? በሳምንቱ ደግሞ ቧንቧው ይጠፋና ዘመዴ በቦቴ ውሃ ይገዛል። ሴራሚኩ መታጠብ አለበታ። ይቅርታ፣ ፖርስሊኑ።

እርግጥ ትንሽ ያንሸራትታል። የበልጉ ዝናብ የጣለ ቀን እናቱ ከማድ ቤት ሲወጡ እግራቸው ከዳቸውና በጀርባቸው ወደቁ። እጃቸው ላይ የነበረው ድስትም ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። የቤቱ ሰው ሁሉ ሮጦ ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም ሴራሚክ አልተሰነጠቀም። እማማ ወገባቸውን እስካሁን በቅባት እያሹ ነው።

አረንጓዴ ነገር ፈጽሞ እንዳይጠፋ ግን ታስቦበታል። ከፊት ለፊት፣ ድሮ ኮኩ በነበረበት ቦታ፣ የፕላስቲክ ሳር ተነጥፏል። ጫማዬን አውልቄ እንድሞክረው ተጋበዝኩ። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ጠሐዩ አናት ይበሳል። ረገጥኩት። ምጣድ ነው! የእውነቱ ሳር ውሃ ስለሚያተን እግር ሥር ቀዝቀዝ ይላል። ይሄኛው ቆጣቢ ነው፣ ያገኘውን ጠሐይ ሁሉ ለእግርህ ያስቀምጥልሃል። የቤቱ ድመት አራቱንም እግሮቿን እያፈራረቀች እያነሳች ስታቋርጠው አየሁ። እስክስታ የምትወርድ ነበር የምትመስለው።

ዘመዴ ተፈጥሮ ይጠላል እንዳትሉ። እንዲያውም በየክረምቱ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ችግኝ ሊተክል ይወጣል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር፣ ከተካዮቹ አንዱ እሱ ነበር። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ቲሸርት ለብሶ፣ ቆብ አድርጎ፣ አካፋ ይዞ። ከዚያ ቤቱ ይመጣና ጭቃ የነካውን ጫማ ከበር ውጭ አውልቆ ይገባል። የዛፍ ቦታ ተራራ ነው። ሰው ቤት ምን ይሠራል?

አበባ አለ። በጣም ብዙ አበባ። ከመግቢያው ጀምሮ በየደረጃው ትልልቅ ማሰሮ ተደርድሯል፤ በየማሰሮው ቀይ፣ ሐምራዊና በዓለም ላይ ታይቶ የማይታወቅ ሰማያዊ ጽጌረዳ ቆሟል። ሁሉም ከቻይና የመጣ ፕላስቲክ ነው። እዚህ ላይ የአገራችንን ጥበብ ሳላደንቅ አላልፍም። ሆለታ፣ ሰበታ፣ ዝዋይ የበቀለው እውነተኛ ጽጌረዳ ተቆርጦ፣ በቀዝቃዛ መኪና ቦሌ ደርሶ፣ በአውሮፕላን ሆላንድ ይገባል። በአበባ ኤክስፖርት በአፍሪካ የሚቀድመን ኬንያ ብቻ ነው። የፕላስቲኩ ደግሞ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ እኛ ቤት ይገባል። ለፈረንጅ የሚጠወልገውን፣ ለእኛ የማይጠወልገውን! እቴጌ ጣይቱ ይህችን ከተማ አዲስ አበባ ሲሏት እንዲህ አዲስ አበባ ይመጣል ብለው አስበው ይሆን?

ሠራተኛዋ ቅዳሜ ቅዳሜ አበቦቹን በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ ትወለውላለች። ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ዘመዴ እንደሚለው የእውነቱ አበባ ሥራ ያበዛል።

ሳሎን ገባን። እዚህ ቤት ሳሎን ማለት እንግዳ የሚገባበት ክፍል ነው፤ እንግዳ ማለት ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተወሰነም። ልጆቹ አይገቡም። ባልና ሚስቱ ቴሌቪዥን የሚያዩት መኝታ ቤታቸው ነው። ኤል ሼፕ ሶፋው ላስቲኩ አልተነሳለትም። ስቀመጥ ላስቲኩ የሚያሳፍር ድምፅ አሰማ፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ። «ላስቲኩ ነው» አልኩ። ማንም ያመነኝ አይመስለኝም። ስነሳም ደገመው።

ጣራው ጂፕሰም ነው፣ ሦስት ደርብ ዳቦ ይመስላል፤ በየደርቡ ቀለሙን የሚቀያይር መብራት ተቀብሮበታል። ፊትህ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቀይ ይሆናል። ከፊት ለፊት ቡፌው ቆሟል። መስታወቱ ውስጥ ወርቅማ ከንፈር ያላቸው ስኒዎች ተደርድረዋል። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ትልቋ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

ኪችኑን ካላየህ አይሉኝ መሰላችሁ! ግራናይት፣ ሳትነካው የሚዘጋ መሳቢያ፣ ሽታ የሚስብ ማሽን። ማሽኑ እስካሁን የሚስበው ሽታ አላገኘም፤ እዚያ ውስጥ ሽንኩርት ተልጦ አያውቅም። ወጡ የሚሠራው ከኋላ፣ በቆርቆሮ በተመታችው ማድ ቤት ነው። ፎቁ ላይ በረንዳም አለ። ከተማው ከዳር እስከ ዳር ይታይበታል፤ የሚያዩት ጄሪካኑ፣ አሮጌው ምጣድና ዲሹ ናቸው።

የቡና ሥነ ሥርዓቱ ቦታ ሳሎኑ ጥግ ላይ ተሰናድቷል። ረከቦት፣ ጀበና፣ ሥሩ የፕላስቲክ ቄጠማ። የዱሮው ቄጠማ ጠዋት ተጎዝጉዞ ማታ ይጠወልግ ነበር፣ ቤቱንም ወንዝ ዳር ወንዝ ዳር ያሸተው ነበር። ይሄኛው አይጠወልግም። ሽታውም የአዲስ ጫማ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ ቡና አይፈላበትም። ፍም እንዳይወድቅበት ያስፈራል። አንዴ ወድቆበት መሐሉ ቀልጧል፤ የቀለጠበት ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠውበታል። ስለዚህ እዚያ ፎቶ እንነሳለን። ተነሳን። አሥራ አንድ ፎቶ።

ከዚያ ማንም ሳይጠራን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሾለክን። መጀመሪያ ልጆቹ ሄዱ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ በመጨረሻ እኔና ዘመዴ። ማድ ቤቷ በር ላይ እማማ ከሰላቸውን አያይዘው ቡና እየቆሉ ነው። የተቀመጥነው አንዳችን ዱካ ላይ፣ አንዳችን የቢራ ሳጥን ላይ፣ ዘመዴ የተገለበጠ ባልዲ ላይ። ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን ወሬው ደራ። የሚሊዮኖቹ ሳሎን ከጀርባችን ብቻውን ቀለሙን ይቀያይራል።

እማማ በዚያ በታመመ ወገባቸው ጎንበስ ብለው ቆሎና ዳቦ አቀረቡ። ጠገብኩ ብል አልሰሙኝም።

«አፈር ስሆንልህ፣ ይቺን ብቻ!»

አባባሉ ትንሽ አርጅቷል። እዚህ ግቢ ሰው እንኳን ቢፈልግ አፈር የሚሆንበት ቦታ የለም። «ሴራሚክ ስሆንልህ» ቢሉኝ ከቤቱ ጋር ይሄድ ነበር። ለማንኛውም በላሁ።

አቦሉ ተቀዳ። እማማ ስኒውን አቀበሉኝና እጃቸው በልማድ ወደ አጥሩ ሥር ሄደ። ሴራሚኩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ውይ፣ ጤና አዳም የለም ለካ» አሉ። «ቡና ያለ ጤና አዳም ምን ሊሆን ነው? አንተ ልጅ፣ እስቲ ጎረቤት ሂድና አንዲት ዘለላ ለምነህ አምጣልኝ።»

ትንሹ ልጅ ሮጦ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«የላቸውም። እነሱም ሐሙስ ዕለት ግቢያቸውን አስነጥፈዋል።»

«በምን?» አለ ዘመዴ።

«እንደኛው ነው። ግን የነሱ ይበልጣል። ስልሳ በመቶ ሃያ ነው አሉኝ።»

ዘመዴ ስኒውን መሬት አስቀመጠ።