ከንጉሡ ጀርባ የቆመው ሰውዬ

የነገሥታት ፊልም ሲታይ ከአጠገብ የሚቀመጥ አንድ ታሪክ አዋቂ አይጠፋም። ሌላ ጊዜ ዝምተኛ ነው። የመኪና ማሳደድ ፊልም ላይ ጀግናው ከአሥረኛ ፎቅ ዘሎ፣ አቧራውን አራግፎ ሲሄድ ትንፍሽ አይልም። ዘውድ ሲያይ ግን ይለወጣል። ንግሥቲቱ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ “ይሄ እንኳ ያን ጊዜ አልነበረም” ይላል። ምኑ? ቁልፉ። የቀሚሷ ቁልፍ። የራሱን ዘር ከአያቱ ወዲያ ቁጠር ቢሉት የሚንተባተብ ሰው፣ የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ልብስ ሰፊ ሆኖ ቁጭ ይላል። በፊልሙ ውስጥ ሴራ ይጎነጎናል፣ አንገት ሊቀላ ነው፤ እሱ ክር ይመዛል።

ክር መምዘዙን አልጠላሁትም። የምጠላው አመራረጡን ነው። ቁልፍ ያላመለጠው ዓይን ጥርስ ያመልጠዋል። ጀርመናዊው መንገደኛ ፓውል ሄንትስነር በ1598 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ) ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን አይቶ ሲጽፍ ጥርሷ ጥቁር መሆኑን አልደበቀም፤ ጥፋቱንም እንግሊዞች በሚያበዙት ስኳር ላይ ጥሎታል። የፊልሟ ኤልሳቤጥ ግን ፈገግ ስትል አሁን ከጥርስ ሐኪም የወጣች ትመስላለች። እሷስ ንግሥት ናት እንበል። ለማኙም፣ ወታደሩም፣ በወረርሽኝ ሊሞት የተኛውም ሠላሳ ሁለት ጥርሱ ሙሉ ነው። ቋንቋውንማ ተዉት። የሮሙ ቄሣር፣ የሩሲያው ዛር፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ፣ ሁሉም የለንደን እንግሊዝኛ ያቀላጥፋሉ፤ አነጋገሩ ወደ ገጠር የሚያጋድለው አገልጋይ ከሆነ ብቻ ነው። ለዚህ ሁሉ “አልነበረም” የሚል ድምፅ አልተሰማም።

ትልልቁ ውሸት ደግሞ መደበቅ አያስፈልገውም፤ በግላጭ ይቆማል፣ ማንም አያየውም። ሜል ጊብሰን በ1995 ስለ ስኮትላንዱ ዊልያም ዋላስ የሠራውን ፊልም ያየ ሰው የስተርሊንግ ድልድይን ጦርነት ያስታውሳል። ድልድዩን ግን አያስታውስም፤ የለማ! በ1297 ስኮቶቹ ያሸነፉት እንግሊዞቹ በጠባቡ ድልድይ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ሲሻገሩ ጠብቀው ነው። የድሉ ምስጢር እሱ ነበር። ፊልሙ ግን ሜዳ ላይ አዋጋቸው። ከዋላስ ጋር ፍቅር የሚይዛት ልዕልት ኢዛቤላም እንግሊዝን የረገጠችው በ1308፣ እሱ ከተገደለ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ ፊልሙ ምን ሆነ? አምስት ኦስካሩን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ድልድይ ቢጨምርበት ስድስተኛውን ያገኝ እንደሆነ እንጃ።

ከውሸትም ግን ውሸት ይሻላል። የስኮትላንዷ ሜሪና ኤልሳቤጥ በሕይወታቸው አንድም ቀን ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ሜሪ በ1568 ሸሽታ እንግሊዝ ገባች፤ 19 ዓመት ያህል ታስራ ቆይታ በ1587 አንገቷ እስኪቆረጥ ድረስ ነገራቸው ሁሉ በደብዳቤና በመልእክተኛ ነበር። ጀርመናዊው ጸሐፊ ሺለር በ1800 በቲያትሩ አገናኛቸው፤ ከዚያ ወዲህ እነሱን ለያይቶ ማስቀመጥ ለፊልም ሠሪም አልሆነለትም። በ2018 ፊልም ሰርሻ ሮናን ሜሪን፣ ማርጎ ሮቢ ኤልሳቤጥን ሆነው በተንጠለጠሉ ጨርቆች መሀል ድብብቆሽ ሲጫወቱ ያየ፣ ሁለቱ ንግሥቶች የተቃጠሩ ሊመስለው ይችላል። እኔ ይሄን ይቅር ብያለሁ። እንዲህ ያሉ ሁለት ተዋንያን ቀጥሮ ለየብቻቸው ደብዳቤ ሲያጽፉ ማዋል ግፍ ነው። ፖስታ ሲታሸግ ለማየት ደግሞ ማን ትኬት ይቆርጣል?

በዚያው ዓመት የወጣው የእንግሊዟ ንግሥት አን ፊልምማ ለታሪክ አዋቂያችን ሠርግና ምላሽ መሆን ነበረበት። የንግሥቲቱ ባል፣ የዴንማርኩ ልዑል ጆርጅ፣ እስከ 1708 በሕይወት ነበር፤ እዚያ ፊልም ውስጥ ግን ጥላው እንኳ አያልፍም። በመኝታ ክፍሏ የሚርመሰመሱት 17 ጥንቸሎች ፈጠራ ናቸው። አልባሳቱን ያዘጋጀችው ሳንዲ ፓውል ደግሞ የወጥ ቤቱን ሠራተኞች ያለበሰችው አሮጌ ጂንስ እየሰበሰበች፣ እያስቀደደች፣ እንደገና እያሰፋች ነው። ጂንስ! በ1700ዎቹ መጀመሪያ! ቁልፍ ቆጣሪያችን ግን ይህን ሳያይ አለፈ። ዓይኑ ንግሥቲቱ ላይ ነበራ።

ደግሞም ጥንቸሎቹ ውሸት ይሁኑ እንጂ ቁጥሩ ውሸት አይደለም። አን 17 ጊዜ አርግዛ አንድም ልጅ ለአካለ መጠን አልደረሰላትም። እስከ አሥራ አንድ ዓመቱ የቆየላት ዊልያም ነበር፤ እሱንም በ1700 ቀበረችው። ይህን ሁሉ ሐዘን ጥቂት ጆሮ ረጃጅሞች ምንጣፍ ላይ ለቅቆ ያሳየ ሰው፣ ቁልፍ ከሚቆጥረው ይልቅ ለታሪክ ይቀርባል ብል አላጋንንም።

ከዚያ አንን ሆና የተጫወተችው ኦሊቪያ ኮልማን አለች። ንግሥቲቱ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ የልብ ወዳጇ ከሌላ ሰው ጋር ስትጨፍር የምታይበት ቦታ አለ። ካሜራው ጭፈራውን ትቶ እሷ ፊት ላይ ይተከላል። መጀመሪያ ደስ ይላታል። ቀስ እያለ ፈገግታው ከንፈሯ ላይ ይቀርና ባለቤት ያጣል። ዓይኗ ይርሳል። ጉንጯ ወደ ታች ይወርዳል። ጭፈራው ግን እንደ ቀጠለ ነው። በመጨረሻ “ይቁም!” ትላለች። ቅናቱም፣ የእግሯ ሕመምም፣ የቀበረቻቸው ልጆችም በአንድ ፊት ላይ ተራ በተራ አለፉ፤ ማንም ምንም አላስረዳንም። እንዲህ ያለ ፊት ከተገኘ ቀሚሱ ከጆንያ ቢሰፋስ ምን ቸገረኝ?

ለዚህ ደግሞ ብዙ ሰዓት አያስፈልግም። ጁዲ ዴንች በ1998 በወጣ ፊልም ኤልሳቤጥን ሆና የታየችው ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ኦስካር ወሰደችበት። በዚያው የሽልማት ምሽት፣ ያችኑ ኤልሳቤጥን ሆና አንድ ሙሉ ፊልም የተሸከመችው ኬት ብላንሼት ባዶ እጇን ወጣች። አንዲት ንግሥት በአንድ ምሽት ረትታም ተረትታም አደረች።

ያልታደለው ተዋናይ ንግሥናን የአንገት በሽታ ያደርገዋል። ዘውዱን ሲጭኑለት አንገቱ ይደርቃል፤ ዘወር ማለት ሲያምረው ከነደረቱ ይዞራል። ሌላው ጩኸት ያበዛል። ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ዋንጫ ይወረውራል፣ ከዚያ “ውጡልኝ! ሁላችሁም!” ይላል። ውጡልኝ ብሎ የማያውቅ የፊልም ንጉሥ ካለ አሳዩኝ። መኳንንቱ እየተግተለተሉ ሲወጡ ደግሞ አንድ የሚቀር አለ፤ ክፉው አማካሪ። እኛ ገና ስንገባ በቀጭን ፂሙ ለይተነዋል። ንጉሡ ብቻ እስከ መጨረሻው አላወቀውም።

ለነገሩ እውነተኛው ንጉሥስ መች ከተዋናይ ተለየ? የፈረንሳዩ አሥራ አራተኛው ሉዊ በ1653፣ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ፀሐይን ሆኖ መድረክ ላይ ጨፍሯል። ከዚያ ወዲያ ከመድረኩ የወረደበት ቀን ያለ አይመስለኝም። በ1682 ቤተ መንግሥቱን ቬርሳይ ካደረገ በኋላ ከእንቅልፉ ሲነሣ ተመልካች ቆሞ ይጠብቀዋል። ሸሚዙን የሚያቀብለው እዚያ ካሉት ሁሉ በማዕረግ የሚበልጠው ሰው ነው። ማታ ልብሱን ሲያወልቅ ሻማ እንዲይዝ የተጠራ መኮንን ሌላው ሁሉ ይቀናበታል። ክብር ነው። ክብር አልኩ እንጂ ያው ሻማ ነው።

ስለዚህ በነገሥታት ፊልም ውስጥ ከታሪክ ጋር ፍጹም የሚገጥም ትወና የፈለገ ሰው ዓይኑን ከንጉሡ ላይ ያንሣና ከጀርባው የቆመውን ሰውዬ ይይ። አጃቢውን። ስም የለውም፣ ንግግር የለውም። ፀሐይ ሳትወጣ ነው የመጣው። የደረሰው ጫማ ይጠብበታል። ዊጉ ያሳክከዋል፤ ማከክ ክልክል ነው። ልብሱ እንዳይጨማደድ አይቀመጥም። ቬርሳይም ቢሆን እንዲሁ ነበር፤ በንጉሡና በንግሥቲቱ ፊት በርጩማ ማግኘት የዱቼሶችና የጥቂት ባለ ማዕረጎች መብት ስለነበር ሌላው ቀኑን በእግሩ ይገፋው ነበር። ሰውዬው ዳይሬክተሩ ወዲህ ሲዞር ወገቡን ያቃናል፤ ወዲያ ሲዞር ይለቀዋል። ከፊቱ የተገተረበትን ረጅም ሰው ማንም ሳያይ በክርኑ ገፋ ያደርጋል። ንጉሡ ቀልድ ሲናገር አንደኛ ይስቃል፤ አሥር ጊዜ ቢቀረጽ አሥር ጊዜ። ይህን ማንም አላስጠናውም። ዋናው ተዋናይ ንጉሥ ለመምሰል አሠልጣኝ ይቀጠርለታል፤ ይሄኛው የምሩን ደጅ እየጠና ነው። እንጀራው ላይ ቆሞ እንዴት ይሳሳት?

ሉዊ ደጁን ለማይጠና ሰው ሹመት ሲለመን “የማላየው ሰው ነው” ይል እንደነበር የቤተ መንግሥቱን ነገር የከተበው መኮንን ሴን ሲሞን ጽፏል። ያቺ አንዲት ቃል የስንቱን መኮንን ተስፋ ዘጋች። ዛሬ ያ ሥልጣን የፊልም አርታኢው ነው፤ እሱ ደግሞ ከሉዊ ይብሳል። ሰውዬው እስኪመሽ የቆመበት ግብር፣ የሳቀው ሳቅ፣ ያጎነበሰው ወገብ፣ ሁሉም ተቆርጦ ይወድቅና አንድ ሁለት ሰከንድ ይተርፈዋል። ያውም ፊቱ አይደለም።

ፊልሙ ሲወጣ ዘመድ አዝማዱ ይሰበሰባል። ንግሥቲቱ ታለቅሳለች፤ ማንም አያያትም። ጦርነት ይታወጃል፣ ዙፋን ይገለበጣል፣ ቤቱ ሙሉ ከዙፋኑ በስተግራ ያለው ጨለማ ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል።

“አሁን ነው! አሁን ነው! ቁም፣ አቁመው! ትንሽ መልሰው! ያውላችሁ፣ ያ ክርን የኔ ነው።”

“የቱ?”

“ሻማ የያዘው!”

እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይላሉ። ክርኑን ለረጅም ጊዜ ያዩታል።

“ውይ ልጄን፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?”