ክዳን የሌለው ጉድጓድ ባለቤት አለው

ክረምት በመጣ ቁጥር ያው ነው። ዝናቡ አስፋልቱን ሲሸፍነው የተከፈተው ማንሆልና ደህናው መንገድ አይለይም፤ ሰው ይገባበታል። እግር ይሰበራል፣ ወገብ ይጎዳል፣ ሞተር የያዘ ልጅ በአፉ ይደፋል። ሰፈርተኛው ተሯሩጦ ያወጣዋል፣ «እግዜር ነው ያተረፈህ» ብሎ ባጃጅ ይጠራለታል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። መኪና ገጭቶት ቢሆን ታርጋ ይያዝ ነበር፣ ትራፊክ መጥቶ ፕላን ያነሳ ነበር፣ የሦስተኛ ወገን መድን ይጠየቅ ነበር። ጉድጓድ የሰበረው ሰው ግን «እድሉ ነው» ይባልና ከኪሱ ይታከማል።

እድል አይደለም! ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2029 ጥፋት በማድረግም ባለማድረግም፣ ሆን ብሎም በቸልተኝነትም ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል። ቁጥር 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ባጠፋው የተጎዳ ሰው መንግሥትን ጭምር ካሣ መጠየቅ ይችላል ይላል፤ የራሱ የሕግ ሰውነት ያለው፣ ማለትም በራሱ ስም ሊከሰስ የሚችል አስተዳደርና መሥሪያ ቤትም ከዚህ አያመልጥም። ክዳን ሳይመልሱ መቅረት ጥፋት ነው። ጉድጓዱን እያወቁ ምልክት አለማቆምም ጥፋት ነው።

ታዲያ ለምን ካሣ የሚያገኝ ሰው አይታይም? አንደኛው ምክንያት የጉድጓዱ ባለቤት አለመታወቁ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ጎዳና ዳር የዝናብ ውሃ መውረጃ አለ፣ የፍሳሽ መስመር አለ፣ የቴሌ መስመር አለ፤ ሁሉም የየራሱ ማንሆል አለው። ተጎጂው አንዱ ቢሮ ሲሄድ «የእኛ አይደለም» ይባላል፣ ሌላው ጋ ሲሄድ ወደ መጀመሪያው ይመልሱታል። በዚህ መሃል ሁለት ዓመት ያልፋል፤ ቁጥር 2143 ደግሞ የካሣ ክስ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ ይታገዳል ይላል። እባካችሁ ይህቺን ያዙልኝ፦ በደብዳቤ መመላለስ ይርጋ አያቆምም፤ የሚያቆመው ክስ ነው። ባለቤቱ ካልለየላችሁ ሁሉንም በአንድ መዝገብ አጣምራችሁ ክሰሱ፣ እርስ በርሳቸው ፍርድ ቤት ፊት ይከራከሩ። ለዳኝነት ክፍያ አቅም የሌለው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ደሜን የሚያፈላው፣ ማስረጃው የሚጠፋበት መንገድ ነው። ሰው በተጎዳ ማግስት ሠራተኞች ይመጡና ጉድጓዱን ይደፍኑታል። መደፈኑ መልካም፤ ነገር ግን መቼ ተከፈተ፣ ማን አመለከተ፣ ለምን ቆየ የሚል አንድ መስመር የሚጽፍ የለም። የማስረዳት ሸክሙ ደግሞ በከሳሹ ላይ ነው። ስለዚህ ተጎጂው አልጋ ላይ እያለ ቤተሰቡ የዚያኑ ቀን ፎቶ ያንሳ፦ አንዱ ከሩቅ፣ የሱቅ ስም ወይም የመብራት ምሰሶ አብሮ የሚታይበት፣ ሌላው ከቅርብ፣ ጥልቀቱን በሜትር ለክቶ። ክዳኑ ወይም ጠርዙ ላይ ጽሑፍ ካለ እሱም ይነሳ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማስመዝገብ፣ የመጀመሪያውን የሕክምና ካርድና ደረሰኝ ሁሉ ማስቀመጥ፣ ጉዳቱ የሚቀር ከሆነ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ የሚገልጽ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ማውጣት ያስፈልጋል።

«ክዳኑን ሌባ ወስዶት ነው» የሚል መከራከሪያ እንደሚመጣ ጠብቁ። ብረቱ ለቆራሌ እንደሚሸጥ አገር የሚያውቀው ነገር ነው፤ የሚታወቅ አደጋ ደግሞ ድንገተኛ ሊባል አይገባም። ወሳኙ ስንት ቀን ክፍት ቆየ የሚለው ነው። ይህንን የሚያውቀው ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ነውና ስሙና ስልኩ ይያዝ።

የብረቱን ስርቆት ሽሽት የመጣው የኮንክሪት ክዳንም ፌሮው ቀጭን ከሆነና ጠርዙ ላይ የብረት ቀለበት ከሌለው የከባድ መኪና ጎማ ሲያርፍበት ጥጉ ይፈረከሳል፣ ከዚያ መሃሉ ይሰምጣል። ለቧንቧ ተብሎ የተቆረጠውን አስፋልትማ ተዉት። ቦዩ ሲሞላ አፈሩ በስስ ንብርብር፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተደረገ፣ በየንብርብሩ ውሃ እየጠጣ መጠቅጠቅ አለበት። የሚታየው ግን ተቆፍሮ የወጣው ጭቃ ከነድንጋዩ አንዴ ተመልሶ ከላይ ጠጠር ሲበተንበት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ያወርደዋል። አስፋልት ሲለጠፍም ጠርዙ ቀጥ ተብሎ ካልተቆረጠ፣ ውስጡ ካልደረቀና ሬንጅ ካልተቀባ ውሃ በስፌቱ ይገባል፤ ሥሩን አጥቦት ጉድጓዱ ከበፊቱ ሰፍቶ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ አልፎ ያሸነፈ ሰው የሕክምና ወጪውንና ያጣውን ገቢ ሊያስወስን ይችላል። የሞራል ካሣው ግን በቁጥር 2116 መሠረት ከ1,000 ብር አይበልጥም። አዎ፣ አንድ ሺህ! ሕጉ ሲወጣ የተጻፈው ጣሪያ ነው፤ ዛሬ በክራንች ቀሪ ዕድሜውን ለሚሄድ ሰው ይህ ምኑም አይደለም። መለወጥ አለበት።

እስከዚያው ሰፈራችሁ ውስጥ ክፍት ማንሆል ካለ ሰው እስኪወድቅ አትጠብቁ። በስልክ መንገር ብቻውን ዱካ አይተውም። ቦታውን ገልጻችሁ አንድ ገጽ ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ጻፉ፣ ለወረዳውና ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ ማኅተም፣ ቀንና ገቢ ቁጥር ይደረግበት። ከዚያ በኋላ ሰው ቢጎዳ «አላወቅንም» ማለት አይችሉም፤ ኮፒውን ለተጎጂው ቤተሰብ ስጡት።